ውሾችን ስለሚጐዱ መርዘኛ ዕፅዋትና ከእብድ ውሻ በሽታ ስለሚለዩበት ምልክት

በአማርኛ ቋንቋ ተበቃይና ካሣ ጠያቂ የሌለው ደም «ደመ ከልብ» ይባላል። ቃሉ የውሻ ሞት ማንንም ከማንም ጋር እንደማያካስስ ያመለክታል፤ ነገር ግን በወረዳ ችሎት የተቀመጠ ሹም ኹሉ ነገሩ እንደ ቃሉ እንዳይደለ ያውቃል። አውድማ የሚጠብቀው፥ ከበጎች ጋር የሚውለው፥ ሌሊት ጅብና ነብር ሲመጣ ባለቤቱን የሚቀሰቅሰው ውሻ ማለዳ ከአጥሩ ሥር አረፋ ደፍቆ ሲገኝ፥ ባለቤቱ ዓይኑን የሚጥለው ትናንት በድንበር በተጣላው ጐረቤቱ ላይ ነው። «መርዝ አበላብኝ» ይላል፤ ምስክር ይቈጥራል፤ የድንበሩም ጠብ ወደ ደም ጠብ ይቃረባል። ሌላው ወገን ደግሞ «ውሻው አብዶ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ በዚህም ቃል የተነሣ የመንደሩ ውሾች ኹሉ በዱላ ያልቃሉ። ሦስተኛውን ነገር፥ ይኸውም በገዛ ግቢው የበቀለውን ቅጠል፥ የፈሰሰውን ፍሬ፥ ከማድቤት የተጣለውን ትራፊ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

«የውሻ ነገር ነው» ተብሎ የማይታለፍበት ምክንያት አለ። በመርዝ የታመመውን ውሻ ያበደ አድርጎ የቈጠረ ሰው የሚያጠፋው ውሻውን ብቻ ነው፤ ያበደውን ውሻ መርዝ የበላ አድርጎ የቈጠረ ሰው ግን የራሱን ወይም የልጁን ሕይወት ያጠፋል፤ መድኃኒት ላጠጣው ብሎ እጁን ወደ አፉ ይሰዳልና። ስለዚህ ሹሙ ክሱን ከመስማቱ በፊት፥ ባለ እርሻውም አጥሩን ከመትከሉ በፊት እነዚህን ዕፅዋት ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ከውጭ አገር እየተቀበልን ስለምናስተጋባው አንድ ፍርሃት ጥቂት ቃል እንናገራለን። ፈረንጆች ሊሊ የሚሏት፥ በግእዝ መጻሕፍትም ደንጐላት ተብላ የተመሰገነችው አበባ ለውሻ ገዳይ ናት የሚል ወሬ በከተማ ይሰማል። እውነተኛዋ ሊሊ የምትገድለው ድመትን ነው። ድመት ቅጠሏን ወይም አበባዋን ጥቂት ብትቀምስ፥ በጠጕሯ ላይ የረገፈውን የአበባ ብናኝ ብትልስ እንኳ፥ በ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ኵላሊቷ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ውሻ ግን ከዚችው አበባ ቢበላ ያስመልሰዋል፥ ያስቀምጠዋል እንጂ ኵላሊቱ አይጠፋም። ኾኖም ሊሊ የሚለው ስም እርስ በርሳቸው ዘመድ ላልኾኑ ለብዙ አበቦች ተሰጥቷልና በስሙ መታለል አይገባም። ካላ ሊሊ የምትባለው ነጭ፥ ቀንድ መሳይ አበባ፥ በላቲን ስሟ «ኢትዮጵያዊት» ተብላ የተጻፈች፥ አገሯ ግን ደቡብ አፍሪካ የኾነ፥ በአካላቷ ኹሉ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉባት፤ ውሻ ቢያኝካት ምላሱና ከንፈሩ ያብጣል፥ ለሃጩም ይዝረበረባል፤ በዚህ የሚሞት ግን እምብዛም አይደለም።

ከእነዚህ ኹሉ የምትከፋው በቈላው አገራችን ሳይተክሏት የምትበቅለው ግሎሪዮሳ ናት። የቅጠሏ ጫፍ እንደ ሐረግ እየተጠመዘዘ ቍጥቋጦውን ይዞ ይወጣል፤ አበባዋ ወደ ላይ የተገለበጠ፥ እንደ እሳት ነበልባል ቀይና ቢጫ ነው፤ ስለ ውበቷም በየግቢው ይተክሏታል። ሥሯ ኮልቺሲን የሚባል መርዝ ይዟል። ሥር ቈፍሮ የማኘክ ልማድ ያለው ቡችላ ከዚያ ቢበላ ደም ያስመልሰዋል፥ ደም ያስቀምጠዋል፤ ከዚህ የተረፈ ቢኾን እንኳ ከቀናት በኋላ የአጥንቱ መቅኔ ደም መሥራቱን ያቆማል። የጅብ ሽንኩርት እየተባሉ የሚጠሩት ባለ ራስ አበቦችም የሚያስመልስ መርዝ በራሳቸው ውስጥ ያከማቻሉ።

ወደ ጓሯችን ስንመለስ ከኹሉ በፊት የምናገኘው ጉሎን ነው። ጉሎ ሳይዘሩት በየቈሻሻው ክምርና በየወንዙ ዳር ይበቅላል። ሴቶች ፍሬውን ወቅጠው ምጣድ ያስሱበታል፤ ቆዳ ፋቂም ዘይቱን ለቆዳ ማለስለሻ ያደርገዋል። ከጥንት ጀምሮ ከእጃችን ያልተለየ ስለ ኾነ ማንም አይፈራውም። ነገር ግን በፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል፥ በዓለም ካሉት የዕፅዋት መርዞች እጅግ ብርቱ ከኾኑት አንዱ አለ። ብርቱ ሙቀት መርዙን ያፈርሰዋልና የጋለው ምጣድ ለሰው አላስቸገረም። ፍሬው ሳይታኘክ ሙሉውን የተዋጠ እንደ ኾነ ጠንካራው ልጣጩ መርዙን እንደ ያዘ በሆድ አልፎ ሊወጣ ይችላል፤ የታኘከ ወይም የተወቀጠ እንደ ኾነ ግን ጥቂት ፍሬ ውሻን ለመግደል ይበቃል። ማፍረሻ መድኃኒትም የለውም፤ ሐኪሙ የሚያደርገው ሆዱን ማጽዳት፥ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠትና መጠበቅ ነው።

የጉሎ መርዝ ወዲያው አይታይም። ብዙ ጊዜ 6 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም በ2ኛው ቀን፥ ማስመለስ፥ የሆድ ቍርጠት፥ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥና ድካም ይመጣል። ይህ መዘግየት ለዳኛ ትልቅ ነገር ነው። ውሻው ሰኞ ማታ ታሞ የተገኘ እንደ ኾነ ከሳሹ «ሰኞ ከቀትር በኋላ በእገሌ ደጅ ሲያልፍ አይቼዋለሁ» ብሎ ምስክር ያቀርባል፤ ውሻው የበላው ግን እሑድ በገዛ ባለቤቱ ጓሮ ሊኾን ይችላል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ክስ በቀረበ ጊዜ አስቀድሞ ሰው ልኮ የከሳሹን ግቢ ማስፈተሽ ከምስክር ብዛት ይልቅ ያዋጣል።

ስለ ጉሎ ፋጉሎ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ሪሲን በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟምና ከተጨመቀው ዘይት ጋር አይወጣም፤ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። የኑግና የተልባ ፋጉሎ ለከብት መስጠት የለመደ ሰው የጉሎውንም እንደዚያው ቢቈጥረው በረቱን ያራቍታል። በውጭ አገር የጉሎ ፋጉሎ ለአትክልት ማዳበሪያ ይኾናል፤ ከአጥንት ዱቄት ጋር የተቀላቀለ እንደ ኾነ ውሻ ሽታው ስቦት ከተክሉ ሥር ቈፍሮ ይበላዋል፤ በዚህ የሞቱ ውሾች ነገር በእንስሳት ሐኪሞች መጻሕፍት ተደጋግሞ ተጽፏል። ስለዚህ ጉሎን ለዘይት የሚያስጨምቅ ባለ እርሻ የጉሎውን ፋጉሎ ከመኖ ቤት በራቀ፥ ቍልፍ ባለው ጐተራ ያስቀምጥ፤ ጆንያውንም በቀይ ቀለም ምልክት ያድርግበት። ለማዳበሪያ የሚያውለውም ከአፈሩ በታች በጥልቅ ይቅበረው፤ ከአጥንት ዱቄት ጋር ግን ፈጽሞ አይቀላቅለው። ጨማቂው ፋጉሎውን «መኖ ነው» ብሎ ለገበያ እንዳያወጣ መጠባበቅ ደግሞ የሹሙ ፈንታ ነው።

ከጉሎ ቀጥሎ የሚመጣው ስሙ ሥራውን የሚናገር ነው። አስተናግር፥ በሌላ ስሙ ዕፀ ፋርስ፥ የበላውን ሰው ያለ ነገሩ ስለሚያስለፈልፍ ይህ ስም የወጣለት ይመስላል። መለከት የሚመስል ነጭ አበባና እሾኻም ፍሬ አለው፤ ከብት በሰፈረበት ቦታ፥ በመንገድ ዳርና በቈሻሻ ላይ ይበቅላል። ጤነኛ ውሻ ሽታውን ጠልቶ ቅጠሉን አይነካውም። ጉዳቱ የሚመጣው በአጨዳ ነው፤ በማሽላና በበቆሎ እርሻ መካከል የበቀለው አስተናግር አብሮ ታጭዶ፥ አብሮ ተወቅቶ ጥቋቍር ዘሩ ከእህሉ ጋር ይቀላቀላል። የሚያበጥሩት ሴቶች ለይተው የጣሉትን ግርድ ውሻና ዶሮ ይለቅሙታል፤ ወይም ሳይበጠር የተፈጨው ዱቄት ለውሻ ገንፎ ይኾናል።

በአስተናግር የተመረዘ ውሻ የዓይኑ ብሌን እጅግ ይሰፋል፤ ብርሃን ያስቸግረዋል፤ አፉ ይደርቃል፤ ልቡ በኀይል ይመታል፤ ይንገዳገዳል፤ በሌለ ነገር ላይ ይጮኻል። ይህን ያየ ገበሬ «አበደ» ቢል አይፈረድበትም። እዚህ ላይ አንድ አስደናቂ ነገር አለ። ለእህል ተባይ በሚረጩት መድኃኒቶች፥ ማላታይን በመሳሰሉት፥ የተመረዘ ውሻ የሚያሳየው ምልክት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብሌኑ ይጠብባል፥ ለሃጩ እንደ ውሃ ይወርዳል፥ ሥጋው ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙም ለዚህ የሚሰጠው አትሮፒን የሚባለው መድኃኒት ራሱ በአስተናግር ውስጥ ካሉት መርዞች አንዱ ነው። ይህን ስንጽፍ ማንም ሰው በቤቱ አስተናግር ቀቅሎ ውሻ ለማዳን እንዳይነሣ እናስጠነቅቃለን፤ በሐኪም መርፌ ያለው ልክ የታወቀ ነው፥ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ግን ከቅጠል ቅጠል ይለያያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ያበደ ውሻ በመርዝ ከታመመው የሚለየው በምንድን ነው? መርዝ በሰዓቶች ውስጥ ይመጣል፤ በጥቂት ቀንም ወይ ይገድላል ወይ ይለቃል። እብደት ግን ቀስ በቀስ ይገባል፤ መጀመሪያ የውሻው ጠባይ ይለወጣል፤ ወዳጁ የነበረው ይሸሻል፥ ፈሪ የነበረው ይደፍራል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ በመጨረሻም ጕሮሮው ሽባ ስለሚኾን ምራቁን መዋጥ አቅቶት ያዝረበርባል፤ ምልክቱ ከታየበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይሞታል። ነገር ግን የሚናከሰው ብቻ አይደለም ያበደ። ዝምተኛ እብደት የሚባል አለ፤ ውሻው መንጋጋው ወርዶ፥ አፉን ከፍቶ፥ አንድ ጥግ ይተኛል። ባለቤቱ «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ወይም «መርዝ በልቷል» ብሎ ይራራለታል፤ እጁን ከትቶ ጕሮሮውን ይዳብሳል፥ ዘይት ያፈስበታል፥ ሎሚ ይጨምቅበታል። በእጁ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ትበቃለች።

ስለዚህ የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። ለሃጩ የሚዝረበረብ ወይም መንጋጋው የወረደ ውሻ ምን እንደ በላ በዓይን ካልታየ በቀር እንደ አበደ ይቈጠር፤ በአፉም ውስጥ እጅ አይግባ። በዓለም ኹሉ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶ 99ኙ በሽታውን ያገኙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላም ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል። በአገራችንም ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብርቱ የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ እንደ ነበር ተጽፏል። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ አገር ሊቅ መከላከያውን ክትባት በሰው ላይ መጀመሪያ የሰጠው በ1877 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ በጊዜው የተከተበ ሰው ይድናል። የተነከሰ ወይም ለሃጭ በቍስሉ የነካው ሰው ቍስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እዚህ ላይ ስለ እንዶድ ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፋችን ጐደሎ ይኾናል። እንዶድ ለልብስ ማጠቢያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዝያን በሽታ ለመከላከል የሚረዳ መኾኑን ለዓለም ገልጸዋል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው አረፋ ሰጪ ነገር ሳፖኒን ይባላል። ያው ሳፖኒን በውሻ ሆድ ሲገባ አንጀቱን ያቈስላል፥ ያስመልሳል፥ ያስቀምጣል፥ ብዙ የኾነ እንደ ኾነም ይገድላል። በብዙ አውራጃ ግን የእንዶድ ሥር የእብድ ውሻ መድኃኒት ተብሎ ለተነከሰው ሰውም ለተነከሰው ውሻም ይሰጣል፤ የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠውም በሽታውን ጠርጎ እንደሚያወጣ ይታመንበታል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚሄደው በሆድ ሳይኾን በነርቭ ሥር በኩል ወደ አንጐል ነውና ሆድን መጥረግ አይነካውም። መድኃኒቱን ጠጥቶ የዳነ የሚመስለውም ሰው የነከሰው ውሻ ያላበደ ስለ ነበረ ወይም በሽታው ወደ ሰውነቱ ስላልገባ ነው። የባህል ሐኪሞችን ማዋረድ አሳባችን አይደለም፤ ብዙ የሚያውቁት ነገር አለ። ስለዚህ ነገር ግን ሹማምንት እነርሱን ጠርተው ቢመክሯቸውና የተነከሰውን ሰው መጀመሪያ ወደ ክትባት እንዲልኩ ቢያስማሟቸው በማስፈራራት ከሚገኘው የበለጠ ይገኛል።

ደግሞም ማንም የማይጠረጥረው መርዝ በድስት ውስጥ አለ። ሽንኩርት፥ ቀዩም ነጩም፥ ጥሬውም የበሰለውም፥ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ለ1 ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ ይበቃል፤ እንግዲህ 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሩብ ኪሎ የማይሞላ ሽንኩርት ሊያሳምመው ይችላል ማለት ነው። የበዓል ዶሮ ወጥ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚፈጅ ለማንም አይነገርም። ከበዓሉ ማግሥት የድስቱ ጥራጊ ከነእንጀራው ለውሻው ይገለበጣል፤ ውሻውም ደስ ብሎት ይበላል። ሕመሙ የሚታየው ከጥቂት ቀን በኋላ ስለ ኾነ ከወጡ ጋር የሚያያይዘው የለም፤ ድዱ ይነጣል፥ ሽንቱ ይጠቍራል፥ ትንፋሹ ያጥራል። በበዓል ሰሞን የውሻ ክስ የበረከተበት ሹም ይህን ያስታውስ።

ወይንና ዘቢብም እንዲሁ ናቸው፤ ጥቂት ዘቢብ የአንዳንድ ውሻ ኵላሊት ያቆማል፥ ሌላው ውሻ ግን በልቶ ምንም አይኾንም። የዚህም ምክንያት ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቈይቶ በቅርብ ዓመታት በወይን ውስጥ ያለው ታርታሪክ አሲድ የተባለው ነገር ሳይኾን አይቀርም ተብሏል። እርሾ የገባበት ቡኾ በሆድ ውስጥ ይነፋል፥ እንደ መጠጥም ያሰክራል። ቡናም በብዛት ከተበላ የውሻን ልብ ያናውጣል፤ ስለዚህ የተፈጨ ቡና በወለል ላይ አይተው።

ለጌጥና ለአጥር ከሚተከሉት መካከል ኦሊያንደር የሚባለው ቀይና ነጭ አበባ ያለው ቍጥቋጦ ለውሻም ለከብትም ለሕፃንም አይመችም፤ ቅጠሉ እርጥቡም ደረቁም ልብን የሚያቆም መርዝ አለው፥ አበባው የተነከረበት ውሃ እንኳ ይመርዛል። ቅርንጫፉን ቈርጦ በግጦሽ ላይ የሚጥል አትክልተኛ ሊወቀስ ይገባዋል። ሳይካስ የምትባለው ዘንባባ መሳይ ተክል ደግሞ የውሻን ጕበት ታጠፋለች፤ ፍሬዋ ከቅጠሏ ይብሳል። ቅንጭብ ለአጥር መልካም ነው፥ ነገር ግን በአጥሩ ሥር የሚሾልክ ውሻ ነጭ ወተቱ በዓይኑ ቢገባ ሊታወር ይችላል፤ ይህ የደረሰ እንደ ኾነ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው።

በደጋውና በወይና ደጋው ቍጥቋጦ ስለሚበቅለው ስለ ምረንዝ ግን ረዘም አድርገን እንናገር፤ ነገሩ ለአዳኞች ይጠቅማልና። ከምረንዝ ቅርፊትና ሥር የሚቀቀለው መርዝ በምሥራቅ አፍሪካ ከጥንት ጀምሮ ለፍላጻ ሲቀባ የኖረ ነው፤ አርኖ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1888 ኡዋባይን የሚባለውን መርዝ ከዚሁ ከምረንዝ ወገን ዛፍ ለይቶ አውጥቷል። በአገራችንና በጐረቤት አገሮች ጫካ ደግሞ አንዲት ጠጕረ ረዥም፥ በሌሊት የምትሄድ፥ ከአይጥ ወገን የኾነች እንስሳ አለች፤ መጠኗ ከአይጥ እጅግ ይበልጣል፥ ጥቁርና ነጭ ጠጕር አላት፤ ስትቈጣም ጋማዋን አቁማ በጐኗ ያለውን ጠጕር ትገልጣለች። ውሻ ነክሷት እንደሚሞት ወይም በብርቱ ታሞ እንደሚተርፍ ሰዎች ድሮ ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም ነበር። በ2003 ዓ.ም. ሊቃውንት መርምረው እንዳሳተሙት ይህች እንስሳ የምረንዝን ቅርፊት እያኘከች ለሃጯን በጐኗ ጠጕር ላይ ትቀባለች፤ ጠጕሩም እንደ ሰፍነግ መርዙን ይጠጣል። እንግዲህ ከአደን ሲመለስ የወደቀ ውሻ ሰው ሳያበላው፥ ራሱም ቅጠል ሳይነካ፥ በዕፅ መርዝ ሊሞት ይችላል።

ሰው ሆን ብሎ ውሻ የሚገድልበት ጊዜ የለም አንልም። ለዚህ የታወቀው ስትሪክኒን ነው፤ እርሱም በህንድና በአካባቢዋ ከሚበቅል ዛፍ ፍሬ የሚገኝ እንጂ በጓሯችን የሚለቀም አይደለም። ምልክቱ ይህ ነው፤ ከበላ በኋላ ብዙ ጊዜ 2 ሰዓት ሳይሞላ ውሻው እንደ እንጨት ይደርቃል፥ እግሩ ይወጠራል፥ ሲነኩት ወይም ድምፅ ሲሰማ እንደ ገና ይንፈራገጣል። እንዲህ ያለ ምልክት በምስክር የተረጋገጠ እንደ ኾነ ሹሙ ምርመራውን ወደ ሰው ያዙር። መርዝ ያለበት ሥጋ በሜዳ የሚጥል ሰው ጥንብ አንሣውንና ሌላውንም አውሬ አብሮ ስለሚጨርስ ጥፋቱ በውሻው ባለቤት ላይ ብቻ የተደረገ አይደለም።

ውሻ መርዝ ሲበላ በዓይን የታየ እንደ ኾነ ምን ይደረግ? በአፉ የቀረውን ቅጠል በእንጨት አውጡ፤ ጠጕሩን የነካውን በውሃ አጥቡ፤ ቶሎም ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ወተት፥ ዘይት፥ የጨው ውሃ በግድ ማጋት በየቤቱ የተለመደ ነው፤ የሚንገዳገድ ውሻ ግን የተጋተው ወደ ሳንባው ይገባና በመርዙ ሳይሞት በዚያ ይሞታል፤ ጨውም ራሱ ሲበዛ መርዝ ነው። ሐኪሙ የሚሰጠው ከሰል ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ስለ ኾነ የምድጃ ከሰል ፈጭቶ ማብላት አይተካውም።

ለክርክር የሚቀርብ ነገር ሲኖር ደግሞ የተበላው የተጠረጠረው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ በወረቀት ይጠቅለል፤ በላስቲክ የተቋጠረ እንደ ኾነ ይበሰብሳል። ውሻው ያስመለሰው ነገር በንጹሕ ጠርሙስ ይቀመጥ፤ መቼ እንደ በላ፥ መቼ እንደ ታመመ፥ ሰው ነክሶ እንደ ኾነ፥ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ። ሰው የነከሰ ውሻ ግን በሕይወት ካለ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። የሞተ እንደ ኾነ ራሱ ሳይደበደብ፥ በተከተበና ጓንት ባጠለቀ ባለሙያ ተቈርጦ በበረዶ ውስጥ ወደ መመርመሪያው ቤት ይላክ፤ የእብደቱ ምልክት የሚገኘው በአንጐሉ ነውና። የቀረው በድን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ገደል አይጣል፤ ከውሃ በራቀ ቦታ ጥልቅ ጕድጓድ ተቈፍሮ ይቀበር፥ ጅብም እንዳያወጣው ድንጋይ ይጫንበት።